ሰርቬየሩ ቀይ ቀለም ቀብቶ ሄዷል፣ እኔ አሁን የዱር እንስሳ ቁጠር ተብያለሁ

የወገራው
ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ጎንደር፣ አዘዞ ነው። በዱር እንስሳት ሙያ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ከረጢት ቆጣሪ ነበርኩ፣ አትሳቁ። አሁን አንድ አማካሪ ድርጅት ጠርቶኝ ለአንድ የገጠር ጠጠር መንገድ በሚሠራው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የዱር እንስሳውን ክፍል ያዝ ብሎኛል። መንገዱ የታሰበው ከደባርቅ ማዶ ነው፤ ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወሰን ውጭ፣ ግን ከወሰኑ ብዙም የማይርቅ ደጋ ላይ። 34 ኪሎ ሜትር። ነገሩ ገና ስላልለየለት የቀበሌዎቹን ስም እዚህ አልጽፍም። የተሰጠኝ የመስክ ጊዜ አምስት ቀን ነው።

ትናንት ለቅኝት ወጣሁ። ሰርቬየሮቹ ቀድመውኝ ስለነበር በየተወሰነው እርምጃ ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም አለ። መንገድ የሚመሩኝ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ አያ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ጅብራ ከበዛበት የጓሳ ሣር ሜዳ ስንደርስ ቀለም የተቀባ አንድ ድንጋይ ጋ ቆሙና በበትራቸው ነካ አደረጉት። ልክ ቀለሙ ላይ ኩስ ተቀምጧል። በስንጥር ፈልቀቅ ሳደርገው የአይጥ ጸጉርና ከሩዝ ፍሬ የቀጠነ ጥርስ አገኘሁበት። ቀይ ቀበሮ! ከፍ ያለ ነገር ላይ ምልክቱን ጥሎ ወሰኑን ማሳወቅ ልማዱ እንደሆነ ተምሬዋለሁ፣ በዓይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው። አያ ሳቁና «እሱም ቀይሷል» አሉኝ።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። የተሰጠኝ ቅጽ ሠንጠረዥ ነው፤ የእንስሳው ስም፣ የታየው ብዛት፣ የተጽዕኖው ደረጃ፣ በቃ። በአምስት ቀን ያላየሁትን «የለም» ብዬ ልጻፍ? ከቀለሙ ግራና ቀኝስ ስንት ሜትር ድረስ ነው የኔ ሥራ? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ምከሩኝ። እንጀራዬ ነው፣ ስሜም ይጻፍበታል።

ፒያሳ_ማኪያቶ
ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 2:55

ከከረጢት ወደ ቀበሮ፣ እድገት ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ። ቀበሮው ግን በውሳኔው ቅር ቢለው ይግባኙን ለማን ይላል?

ገረጋንቲ
ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 4:20

ወንድሜ፣ እኔ የመንገድ ሰው ነኝ፤ ዲዛይን ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። ከኛ ወገን ያለውን እውነት ልንገርህ።

መስመር የሚመረጠው መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ ካርታ ላይ ነው። ሁለት ሦስት አማራጭ ይሰመራል። ያን ጊዜ መስመሩን ሁለት ኪሎ ሜትር ወዲህ መሳብ ወጪው የእርሳስ ነው። ዝርዝር ዲዛይን ካለቀና ጨረታ ከወጣ በኋላ ግን መቶ ሜትር ለማንቀሳቀስ የደብዳቤ መዓት አለው። ቀይ ቀለም ካየህ በመካከሉ ነህ ማለት ነው። እንግዲህ እንስሳ ፍለጋ ከመውጣትህ በፊት ቢሮ ገብተህ የተጣሉትን አማራጮች አምጡልኝ በል። ለምን እንደተጣሉም ጠይቅ። እንደ ልምዴ የሚጥላቸው የአፈር ቆረጣ ስሌት ብቻ ነው፣ ሌላ ዓይን አርፎባቸው አያውቅም።

የናንተ መስመር ሜዳው ጀርባ ላይ ለምን እንደወጣ ሳላይ መገመት እችላለሁ። ጀርባ ጀርባውን የሄደ መንገድ ውሃ አይቆርጠውም፣ ከልቨርት (ውሃ በመንገዱ ሥር የሚያሳልፍ ቱቦ) አይበዛበትም፣ የድጋፍ ግንብም አይፈልግም። ሆድ ሆዱን ከሄደ ግን ከላይ ትቆርጣለህ፣ ከታች ትደግፋለህ፣ በየሸንተረሩ ቱቦ ትቀብራለህ። ስለዚህ ርካሹ መስመር ሁልጊዜ ጓሳው ላይ ይወጣል። ክፋት የለበትም፣ ሒሳብ ነው።

ስለ ስፋቱ ጠየቅህ። በቅጹ ላይ ያለው መንገድ ሰባት ሜትር ስፋት ያለው ክር ነው። እኛ ስንሠራ ግን ድንጋይ የሚፈነቀልበት ካባ አለ፣ ገረጋንቲ የሚዛቅበት ጉድጓድ አለ፣ ካምፕ አለ፣ ቦቴ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ አለ፣ ዶዘሩ ለመድረስ የሚጠርገው ጊዜያዊ መንገድ አለ (ጊዜያዊ የተባለ መንገድ ሲዘጋ አይቼ አላውቅም)። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተቆረጠው ትርፍ አፈር ነው። ሾፌሩ ሩቅ ከሚያመላልስ ወደ ገደሉ ይለቀዋል፤ ከታች ያለውን ሣር እስከ ወንዙ ድረስ ይቀብረዋል። እነዚህ የት የት እንደሚሆኑ ሳይነግሩህ ደረጃ አትስጥ። የሚነግሩህም በኪሎ ሜትር ነጥብ ይሁን፣ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል መልስ አትቀበል።

ደረጃ ካልን አይቀር፣ በ11 ዓመት ያየሁት ሠንጠረዥ ሁሉ «መካከለኛ» ይላል። ከፍተኛ ካልክ ሥራ ይቆማል፣ ዝቅተኛ ካልክ አልሠራህም ትባላለህ።

አንድ ጊዜ ደግሞ የደጋ መንገድ ሪፖርት እጄ ገባ፤ የእንስሳት ዝርዝሩ ላይ ሳላ አለበት። ሳላ! የአዋሽ በረሃ እንስሳ ጥድና አስታ መሀል ምን ሊያደርግ ወጣ ብዬ ሳጣራ፣ ጸሐፊው የቆላ ሪፖርት ቀድቶ የወረዳውን ስም ብቻ ቀይሮ ኖሯል። ሦስት ቢሮ አልፎ ፊርማ አርፎበታል።

የጃናሞራዋ
ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 1:15

ይህን ሁሉ አነበብኩ። አንድም ሰው ስለ ሰው አላነሳም።

አክስቴ ምጥ በያዛት ጊዜ ስምንት ወንድ በቃሬዛ ተሸክሟት አምስት ሰዓት ተጓዘ። ዝናብ ነበር። ሁለት ጊዜ አዳልጧቸው አውርደዋታል። ደረሰች፣ ልጁ ግን አልተረፈም። ያ ቦታ ዛሬም መንገድ የለውም። እናንተ አዘዞና ፒያሳ ተቀምጣችሁ ስለ ቀበሮ ወሰን ትጨነቃላችሁ። የኛን ወሰን ማን ይቁጠረው? ወንድሜ የወገራው፣ ክፉ ሰው እንዳልሆንክ ጽሑፍህ ይናገራል፤ ግን ያንተ ወረቀት መንገዱን አንድ ዓመት ካዘገየው በዚያ ዓመት ቃሬዛ የሚሸከመው ቀበሮው አይደለም።

የወገራው
ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 3:30

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። መልስ የለኝም። የኔም እናት እኔን የወለደችው በቅሎ ላይ ሆና ስትሄድ ነው፣ መንገድ ጠል አይደለሁም። መንገዱ አይሠራ ብዬ አልጽፍም፤ በየት ይሂድ ነው የኔ ጥያቄ። የሚያልፍበትን አገር ካወቅሽው ደግሞ አንቺ ከሁላችን ትበልጪያለሽ። የሰዉ እግር መንገድ፣ የገበያ መንገድ የቱ ነው? ጀርባ ጀርባውን ነው ወይስ ከታች?

የቀድሞ_ስካውት
ግንቦት 7፣ ከቀኑ 9:05

ልጆቼ፣ እኔ በፓርኩ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ሆኜ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ጽሑፉን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፣ ፊደል ቢያጠፋ በሱ አሳቡት።

ስለ መንገድና ስለ አውሬ ከተነሳ የኛው ፓርክ ትምህርት ቤት ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተከለለ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ዋልያው በመመናመኑ፣ እርሻው በመግፋቱና መንገድም በፓርኩ ስለገባ ነው። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ 21 ዓመት ፈጀ። ሲወጣ ከተቆጠሩት ነገሮች አንዱ ከፓርኩ ውጭ ተለዋጭ መንገድ መሠራቱ ነበር። አያችሁ፣ ያኔ መጀመሪያ ላይ በውጭ ቢሄድ ኖሮ ሁለት መንገድ ባልተሠራ።

አሁን ወደ ጥያቄህ፤ ዋልያው በመኪና አይደነግጥም። ገደል ላይ ሆኖ ቁልቁል ያይሃል፣ እንዲያውም ይንቅሃል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ጉዳት የመኪናው አይደለም። በሳንቃበርና በጨነቅ መስመር መኪና መቆም ሲጀምር መጀመሪያ ሻይ የምትሸጥ ሴት መጣች። ከዚያ ጎጆ ሆነ። ጎጆው ውሻ አሳደገ። ውሻ ባለበት ደግሞ ቀይ ቀበሮ ሁለት ጊዜ ይሞታል፤ አንድም ያባርረዋል፣ አንድም የእብድ ውሻ በሽታ ይሰጠዋል። በባሌ እ.ኤ.አ. በ2003 ይኸው በሽታ የዌብ ሸለቆን ቀበሮ አብዛኛውን ፈጅቷል። በዓለም ላይ ያለው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ተሰብስቦ 500 አይሞላም ይባላል። ስለዚህ ውሻውን ቁጠር። ዛሬ በየጎጡ ስንት ውሻ እንዳለ ጻፍና መንገዱ ሲመጣ ስንት ይሆናል በል።

ጭላዳው ሌላ ነው። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፣ ጠዋት ሣር ሊግጥ ወደ ሜዳው ይወጣል። መንገዱ በገደሉ አፍና በሜዳው መካከል ካለፈ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሻገረዋል ማለት ነው። ግልገል ያዘለችው ወደ ኋላ ትቀራለች። ተሳፋሪ ዳቦ የወረወረለት ቀን ደግሞ ሣሩን ትቶ መንገድ ዳር ይቀመጣል።

ስለ አምስቱ ቀን፤ ግንቦት ብቻውን አይበቃም። ቀበሮ የሚወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፣ ጉድጓዱን ያኔ ነው የምታገኘው። የዋልያ ግልገል መስከረምና ጥቅምት ይበዛል። ጊዜ ካልሰጡህ እረኛ ጠይቅ። ከምሁር ይልቅ የአሥር ዓመት እረኛ ያውቃል፣ ቀኑን ሙሉ ሌላ የሚያየው የለውማ። ግን ተጠንቀቅ፤ ልጅ እንግዳ ደስ እንዲለው ሁሉንም «አለ» ይላል። እኛ ፎቶ ስናሳይ በመሀሉ አገሩ ላይ የሌለ አውሬ እንጨምር ነበር። ያንንም አለ ካለህ ሌላውን መልሱን በግማሽ ያዘው።

ገረጋንቲ
ግንቦት 7፣ ከቀኑ 9:40

ሳላውን አሳየው! በመጨረሻ ሥራ ተገኘለት።

ደንገል
ግንቦት 8፣ ከቀኑ 6:10

እኔ ከደንቢያ ነኝ፣ ጣና ዳር። የናንተ ደጋ ነው፣ የኛ ረግረግ፤ ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምር።

ሰፈራችን አጠገብ ያለፈው መንገድ ጥቁር አፈሩ እንዳይውጠው ተብሎ ከመሬቱ ከፍ ተደርጎ ተሞላ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ከልቨርት ግን ጥቂት ነው የተደረገለት፣ ያሉትም አፋቸው ከሜዳው ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ መንገዱ ግድብ ሆነ። ከላይ በኩል የሰው ጤፍ ተኛበት፣ ከታች በኩል ደግሞ ጨፌው ደረቀ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደንገሉ ሳሳ። አጎቴ ለታንኳው ደንገል የሚያጭደው ከቤቱ ጀርባ ነበር፣ አሁን ግማሽ ቀን ይጓዛል። ሽመላውም ዳክዬውም ከደንገሉ ጋር ሄደ። ያንን መንገድ የገመገመው ሰው «የዱር እንስሳ አልታየም» ብሎ እንደጻፈ በኋላ ሰማሁ። የመጣው በመጋቢት ነው፣ ምን ያያል?

ጓሳህም ውስጥ ጨፌ ይኖራል። አይጡና ፍልፈሉ ያለው ለስላሳው መሬት ላይ ነው፤ ቀበሮው ደግሞ እነሱ ያሉበት ነው የሚውለው። መንገዱ ከላይ በኩል በቦይ ውሃውን ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ከለቀቀው ከታች ቦረቦር ይወጣል፣ ሜዳው ይደርቃል። አንድ ሰው እዚያ ሄዶ ውሃ ከየት ወደየት እንደሚሄድ በእግሩ ይከተል።

አንቀጽ_በአንቀጽ
ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 1:30

ጠበቃ ነኝ፣ አጭር አደርገዋለሁ (እንደ ጠበቃ)።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ን አውጥተህ ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠው። ሦስት ነገር ይጠቅምሃል። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። ሪፖርቱ ቀጥተኛውን ብቻ ሳይሆን ቀጥተኛ ያልሆነውንም ተጽዕኖ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ጋሼ ስካውት የነገሩህ ሻይ ቤትና ውሻ በሕግ ያንተ ሥራ ነው፣ «ከመንገዱ ውጭ ነው» የሚልህ ቢመጣ ይህን አሳየው። ከሌላ ተጽዕኖ ጋር ተደምሮ የሚመጣው፣ የሚመለስና የማይመለስ መሆኑም ይመዘናል። ሦስተኛው፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ ተደራሽ መሆን አለበት፤ በተለይ ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት ሪፖርቱ ውስጥ መግባት አለበት። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 92 ላይ ሕዝቡ በሚመለከተው ፕሮጀክት ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል።

በተግባር ስብሰባው ይጠራል፣ ውሎ አበል ይሰጣል፣ ስም ዝርዝር ይፈረማል፣ ያው ነው። ልዩነት የሚያመጣው ሰዉ ካርታውን አይቶ መፈረሙ ነው። የእንግሊዝኛውን 200 ገጽ ማንም አያነብልህም። ሁለት ገጽ በአማርኛ፣ አንድ ካርታ፣ የኪሎ ሜትር ነጥብ፣ የጎጡ ስም በሰዉ አጠራር ይኑረው።

ፒያሳ_ማኪያቶ
ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 1:52

ቁም ነገር ልጨምር፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ለምን አጥር አይሠራም? ወይ በድልድይ ሥር ማለፊያ። ፈረንጅ አገር ድብ በድልድይ ሲሻገር ቪዲዮ አይቻለሁ።

ገረጋንቲ
ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 2:30

በወረቀት ያምራል። ጠጠር መንገድ ላይ አጥር ማለት በሁለተኛው ወር ሽቦው የበግ በረት ይሆናል። ማለፊያው ግን አይናቅም። ለውሃ ብለን የምንቀብረውን ከልቨርት አንድ ቁጥር ከፍ አድርገን፣ አንድ ጎኑን ደረቅ መረማመጃ ብንሠራለት ትንንሹ አውሬ ሁሉ ይሄድበታል። ትርፍ ወጪው ትንሽ ነው። ጭላዳ ግን በጨለማ ቱቦ አይገባም፤ ለሱ የሚጠቅመው ሜዳውን አለመንካት ነው። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታም ጻፍ። በባሌ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚያልፈው መንገድ ቀይ ቀበሮ በመኪና ተገጭቷል።

ቅደም ተከተሉን አትርሳ፤ መጀመሪያ መሸሽ፣ ካልተቻለ መቀነስ፣ ካልተቻለ ማከም፣ መጨረሻ ላይ በሌላ ቦታ ማካካስ። ቢሮዎች ከመጨረሻው መጀመር ይወዳሉ፤ «ችግኝ እንተክላለን»። ጓሳ ሜዳ ላይ ባሕር ዛፍ ተክለው አካካስን ሲሉ አይቻለሁ። ቀበሮው ምን ሊያደርግበት?

የጃናሞራዋ
ግንቦት 10፣ ከጠዋቱ 2:00

@የወገራው ለጥያቄህ። የምታወራበት አገር የእናቴ አገር ነው፣ ከገለጻህ አወቅሁት። ሰዉ ጀርባውን አይሄድም። እዚያ ላይ ብርዱ ሰው ይገድላል፣ እረኛ ብቻ ነው ያለው። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ገበያውም፣ ጤና ኬላውም ከታች ነው፣ ሆድ ሆዱን። መንገዱ በላይ ከሄደ ምጥ የያዛትን ሴት አሁንም በቃሬዛ ሽቅብ ተሸክመው ነው መኪና የምታገኘው። ይህን ማንም አልጠየቀንም። ቀለም ሲቀቡ ልጆች ናቸው ያዩአቸው።

የወገራው
ግንቦት 10፣ ከጠዋቱ 2:20

እህቴ፣ ይኸን መልእክትሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የወገራው
ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 3:45

ይቅርታ፣ ቆየሁ። ሪፖርት ላድርግ።

ቢሮው የመስኩን ጊዜ ከአምስት ወደ ዘጠኝ ቀን አሳደገልኝ፤ አራቱን ቀን ያለ አበል ነው የሠራሁት፣ አይነሳ። በየቀኑ ከጎህ በፊት ወጥቼ ያንኑ መስመር እየተራመድኩ ግራና ቀኝ ያየሁትን ከነርቀቱ እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እደግማለሁ። ከመስመሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ መንገዱ የማይነካው ተመሳሳይ ሜዳ ላይም እንዲሁ አደረግሁ፤ ነገ ለውጥ ሲመጣ የመንገዱ ነው ወይስ የድርቁ ለማለት ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። 19 እረኞች አነጋገርኩ። ሳላውን 16ቱ «የለም» አሉ። ሁለቱ አለ አሉ። አንዱ ፎቶውን ገልብጦ አይቶ «ይኼ ፍየል ማነው የሳለው?» አለኝ።

ትልቁ ግኝቴ መንገዱ አንድ አለመሆኑ ነው። ከ0 እስከ 11 ኪሎ ሜትር ድረስ የታረሰ መሬት ነው፤ ጃርትና ጅብ እንጂ የሚያሳስብ ብዙ የለም። ከ19 እስከ 34 ያለውም እርሻና የተራቆተ ዳገት ነው። ጣጣው በሙሉ ከ11 እስከ 19 ባለው ስምንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ጓሳው፣ ጨፌው፣ የጭላዳው ገደል። ቀይ ቀበሮ አምስት ጊዜ አይቻለሁ፣ አምስቱም እዚያ። አንዷን ከድንጋይ ጀርባ ተኝቼ ሃያ ደቂቃ ያህል አየኋት። ጆሮዋን ወደ መሬት አዘንብላ ትቆማለች፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ ትቆማለች፣ ከዚያ ዘላ በአፍንጫዋ ሣሩ ውስጥ ገባች። ሁለቴ ሳተች፣ በሦስተኛው ያዘች። ከእግሯ ስር ቀይ ቀለም ያለበት ድንጋይ ነበር።

ሠንጠረዡን ለሦስት ከፈልኩት፤ ለሁለቱ ቁራጭ ዝቅተኛ፣ ለመካከለኛው ከፍተኛ ብዬ ጻፍኩ። መካከለኛ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም @ገረጋንቲ።

የተጣሉትን አማራጮች ጠይቄ አገኘሁ። አንዱ ልክ እህታችን ያለችው ነው፣ ሆድ ሆዱን፣ በገበያው በኩል። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ግንብና ከልቨርት ይበዛበታል፣ በዚያ ነው የተጣለው። በዚያ ቢሄድ ግን በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ የሚያገኘው ቤት በጣም ይበዛል። ይህን ከማኅበራዊ ክፍሉ ባልደረባዬ ጋር አንድ ካርታ ላይ አደረግነው፤ የቀበሮው ሜዳና የሰዉ ቤት በአንድ ወረቀት።

ስብሰባው የተደረገው በሰኔ መጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ተጣልቶ ሊበተን ነበር። ሴቶቹ ታችኛውን ደገፉ፤ ታችኛው መስመር ደግሞ የ23 አባወራ ገብስ ማሳ ይነካል። እነሱ ለምን ይደግፉ? አንዱ ተነስቶ «ቀበሮው መሬት ይኑረው፣ እኔ ግን ልጣ?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ካሳ አዋጅ 1161/2011 አነበብንላቸው፤ «ወረቀቱስ ደግ ነው» ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸውን ሪፖርቱ ላይ ጻፍኩት፣ በተናገሩበት ቃል።

ረቂቁን አስገባሁ። ትናንት ተመለሰልኝ። በኅዳግ ላይ የተጻፈው ሁለት ነገር ነው፦ «ሠንጠረዡ አጭር ይሁን» እና «የአማራጭ መስመር ንጽጽሩ ከዚህ ክፍል ሥራ ውጭ ነው»።

አንቀጽ_በአንቀጽ
ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 4:10

ሁለተኛውን አስተያየት በጽሑፍ መለሱልህ? በኢሜይል? አታጥፋው። ንጽጽሩን አባሪ አድርገው እንጂ አታውጣው። የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ከነፊርማው ስካን አድርገህ አያይዝ፤ የማኅበረሰቡ አስተያየት ይካተት ይላል ሕጉ፣ አስተያየታቸው ደግሞ ስለ አማራጩ ነው። እንግዲህ ያውጡት ካሉ እነሱ ያውጡት።

ገረጋንቲ
ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 4:25

ማሳ ስለሚነካው፤ ከ13 እስከ 15 ባለው ላይ የማሳውን ወሰን ተከትሎ መስመሩን ማጠፍ የሚቻል ይመስለኛል። ኩርባ ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ለቀበሮውም ቢሆን ፍጥነት መቀነሱ አይከፋም። ከ23ቱ አባወራ ግማሹ ይተርፍ ይሆናል። ካርታውን በግል ላክልኝ፣ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ክፍያ የለም፣ ማኪያቶ ግን አለ፤ የሚከፍለው ደግሞ ስሙን የወሰደው ሰውዬ ነው።

ፒያሳ_ማኪያቶ
ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 4:27

ለቀበሮ ነው ለሰው?

የጃናሞራዋ
ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ 1:40

እናቴ ስብሰባው ላይ ነበረች፤ «አንድ ቀጭን ልጅ ካርታ መሬት ላይ ዘርግቶ ድንጋይ አስቀመጠበት፣ ሁላችን በእግራችን ዞርነው» አለችኝ። ገበያውን በጣቷ እንዳሳየችህ ነገረችኝ። ማሳው ከሚነካው አንዱ አጎቴ ነው፣ በኔ ተቆጥቷል። ይቆጣ፣ እኔ እነጋገረዋለሁ። መንገዱ ግን ይዘገያል ወይ? ይህን ብቻ ንገረኝ።

የወገራው
ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ 2:05

እንደ መሐንዲሶቹ አባባል መስመሩ ቢቀየር ዳሰሳው እንደገና ሦስት አራት ወር ይፈልጋል። ክረምቱ ስለገባ ግን ማሽኑ በቀይ ቀለሙም ቢሆን ከጥቅምት በፊት አይገባም። ልክ ነሽ፣ ትንሽ መዘግየት አለው፤ የለም ብዬ አልዋሽሽም።

@የቀድሞ_ስካውት ጋሼ፣ ከመስከረም በኋላ ለሁለተኛው ዙር ቆጠራ አልተፈቀደልኝም። እኔ ግን ጥቅምት መጨረሻ ላይ የራሴን ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይዤ ልወጣ ነው፣ ጉድጓዱን ለማየት። እግርዎ ከፈቀደልዎ አብረን እንውጣ።

የቀድሞ_ስካውት
ሰኔ 10፣ ከቀኑ 8:30

እግሬን ተወው፣ እሱ ከኔ በፊት ነው የሚነሳው። ከደባርቅ መናኸሪያ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ እንገናኝ። ጋቢህ ወፍራም ይሁን፣ ውሻ የምትባል ነገር አታስከትል። የአዛውንቱ በትር የነካውን ድንጋይ መጀመሪያ አሳየኝ፣ ከዚያ ወዴት እንደምንሄድ እኔ እነግርሃለሁ።